ወላጅ አምጣ የማይባልበት ት/ቤት

የዛሬው ጨዋታችን የፍቅር ጣጣ ወይም የእጮኛ ኩርፊያ አይደለም። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ት/ቤት ነው። ት/ቤቱ በካርታ ላይ አይገኝም። ስኮትላንድ ተራሮች መሃል ነው ይባላል፤ ወደዚያ የሚወስደው ባቡር የሚቆመው ደግሞ ለንደን ውስጥ ከአንድ ግንብ ጀርባ ነው። አዎ፣ ገብቷችኋል። ሆግዋርትስን ነው የምላችሁ፤ የሃሪ ፖተርን ት/ቤት።

“ደግሞ አንቺ በዚህ ዕድሜሽ የልጆች ተረት ታነቢያለሽ?” የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ምን ላድርግ? ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ። የተማርኩት 12ኛ ክፍል እስክጨርስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበቤ ነው። በዚህ ላይ የእህቴ ልጅ ፈርዶብኛል።

እህቴ ከሥራ ወጥታ፣ ታክሲ ተሰልፋ ቤት እስክትገባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ያልፋል። እስከዚያ ድረስ ልጁ የኔ ነው። 10 ዓመቱ ነው፤ የ4ኛ ክፍል ተማሪ። ራቱን ካበላሁት በኋላ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ እተርክለታለሁ። መብራት ከጠፋም በሞባይሌ ባትሪ እንቀጥላለን። ከ1ኛው መጽሐፍ ተነስተን 5ኛው ለመድረስ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብናል።

ጎረቤታችን አንድ ቀን ሰምተውኝ “ምን ይሄን የጥንቆላ መጽሐፍ ታስለምጂዋለሽ?” ብለው ተቆጡኝ። እኔም “እማማ፣ ጥንቆላው ይቅርና ት/ቤቱ ነው የሚያስፈራው” አልኳቸው። ቀልዴን ነበር። በኋላ ግን እውነት ሆኖ አረፈው።

ባለ ሦስት ራሱ ውሻ

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው መጽሐፍ እንግሊዝ አገር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ የመጨረሻውና 7ኛው በ2007። ደራሲዋ ጄ.ኬ. ሮውሊንግ ትባላለች። መጻሕፍቱ ከ80 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉመው ከ500 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠዋል። እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ልጁን በሃሳቡ ሆግዋርትስ ልኳል ማለት ነው።

እስቲ ለአፍታ እንደ ወላጅ ሆናችሁ አስቡት። ልጃችሁ 11 ዓመት ሲሞላው የመግቢያ ደብዳቤ ይመጣላችኋል። የሚመጣው በጉጉት ነው፤ በወፏ ማለቴ ነው። እናንተም በደስታ ልብስና መጽሐፍ ገዝታችሁ፣ ባቡር ላይ አሳፍራችሁ ትልካላችሁ። ልጃችሁ ምን ገጠመው?

በመጀመሪያው ምሽት ርዕሰ መምህሩ ደምብልዶር ተነስተው በ3ኛው ፎቅ ያለው አንድ መተላለፊያ ለሞት የሚያበቃ መሆኑን በይፋ ይናገራሉ። በሩን ግን አንዲት የ1ኛ ዓመት ተማሪ በተራ የመክፈቻ አስማት ከፍታ ትገባለች። ከበሩ ጀርባ ባለ ሦስት ራስ ውሻ ቆሟል! በየትኛው ት/ቤት ነው ርዕሰ መምህር “እዚያ ክፍል ውስጥ ገዳይ ነገር አለ” ብሎ ቁልፉን እንዲህ የሚያላላው?

ቆዩ፣ ገና ነው። እነ ሃሪ ማታ ከመኝታ ክፍላቸው ወጥተው ሲዞሩ ይያዛሉ። ቅጣታቸው ምን መሰላችሁ? በሌሊት ወደተከለከለው ጫካ ገብቶ የቆሰለ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ መፈለግ። በማታ በመውጣታቸው በማታ ይወጣሉ! ፈረሱን ያቆሰለው ነገር ደግሞ አሁንም እዚያው ጫካ ውስጥ ነው።

ሌላም ልጨምርላችሁ። ምድር ቤት ውስጥ አንድ ግዙፍ ፍጡር ገባ ተብሎ ተማሪው ሁሉ ወደየመኝታው እንዲሄድ ይታዘዛል። ስሊዘሪን የሚባሉት ተማሪዎች መኝታቸው የት ነው? እዚያው ምድር ቤት! በ2ኛው ዓመት አንድ ጉረኛ አስተማሪ የሃሪን የተሰበረ ክንድ አድናለሁ ብሎ አጥንቱን ጭራሽ ያጠፋዋል። በዚያው ዓመት ተማሪዎች አንድ በአንድ እንደ ድንጋይ እየደረቁ ሐኪም ክፍል ይደረደራሉ፤ ትምህርት ግን ይቀጥላል። በ4ኛው ዓመት 17 ዓመት ላልሞላው ክልክል በተባለ ውድድር የ14 ዓመቱ ልጅ ስሙ ወጣ ተብሎ ከዘንዶ ጋር ይጋጠማል። በዚያው ውድድር ከ8 ዓመት የማትበልጥ ሕጻን እንቅልፍ ተደርጋባት ሐይቅ ሥር ትታሰራለች፤ ተወዳዳሪዋ እህቷ እንድታወጣት ነው።

እኔና ልጁ በዚህ ስንት ምሽት ሳቅን መሰላችሁ! እንዲያውም ጨዋታ አደረግነው። አንድ አደጋ ሲመጣ እሱ “እቴቴ፣ ዳይሬክተሩ የት ነበሩ?” ይለኛል። እኔም “ስብሰባ ላይ” እለዋለሁ። እሱ በሳቅ ይንከባለላል።

ታዲያ ለምን እናምነዋለን?

ግን እኮ እናምነዋለን። ዘንዶና ውሻው እያለ፣ ት/ቤቱ ያለ ይመስለናል። ይሄ ነገር ስለከነከነኝ በሥራዬ መሃል ሁሉ ሳስብበት ሰነበትኩ።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ቀላል ነው። አዋቂ ሁሉን ከተቆጣጠረ ታሪክ የለም። ደምብልዶር ያንን በር በደንብ ቢያሽጉት ኖሮ መጽሐፉ በ10ኛው ገጽ ያልቅ ነበር። የኛም ተረት እኮ እንደዚሁ ነው፤ ልጅ ብቻውን ከጅብ ጋር የሚገናኘው እናቱ ገበያ ስለሄደች ነው። እናቲቱን ገበያ መላክ የተራኪው ሥራ ነው። እንግሊዞች ደግሞ ገበያ አያስፈልጋቸውም፤ አዳሪ ት/ቤት አላቸው። ልጅ በአዳሪ ት/ቤት የሚሰቃይበትና ጀግና የሚሆንበት ድርሰት እዚያ አገር የቆየ ነው። ቶማስ ሂዩዝ ስለ ራግቢ ት/ቤት የጻፈው የቶም ብራውን ታሪክ የወጣው በ1857 ነው፤ እዚያም ውስጥ ትልልቆቹ ልጆች ትንሹን ቶምን እሳት ፊት ይዘው ያቃጥሉታል። አስማት የለበትም፣ ዘንዶም የለበትም። ሮውሊንግ ያን የድሮ ቤት ወስዳ ነው አስማት ያስገባችበት።

ሁለተኛው ትንንሹ ነገር ነው። የደብተርና የሰዓት ፕሮግራም አለ፤ የቤት ሥራ አለ፤ የ5ኛ ዓመት ፈተና የሚያስጨንቃቸው ተማሪዎች አሉ። ገንዘባቸው ሳይቀር ሂሳብ አለው፤ አንዱ ጋሊዮን 17 ሲክል፣ አንዱ ሲክል ደግሞ 29 ነት ነው። አስማቱም ገደብ አለው፤ ምግብን ከባዶ ነገር መፍጠር አይቻልም፤ የሞተን ማስነሳት አይቻልም። ሰው ዘንዶውን የሚያምነው ዝርዝሩ ሂሳቡን ስለሚያሟላለት ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ሐኪሟ ናት። እዚያ ት/ቤት አጥንት በአንድ ሌሊት ይበቅላል። ስለዚህ እዚያ አገር ያለ ወላጅ “ልጅሽ ክንዱ ተሰበረ” ቢባል እንደኛ “ልጄን ጉድ ሠሩኝ” አይልም፤ “ነገ ይድናል” ነው የሚለው። አደጋው የማይከብዳቸው መድኃኒቱ ስለቀለላቸው ነው። ይሄ ሲገባኝ ግማሹ ንዴቴ በረደ። ሞት ሲመጣ ግን ሂሳቡ ይለወጣል። ሴድሪክ የተባለው ተማሪ በዚያ ውድድር ሞተ፤ አልተነሳም። በቀጣዩ ዓመት የአንዱ ተማሪ እናት “ልጄ ወደዚያ አይመለስም” ማለት ጀመረች፤ በ6ኛው ዓመት ልጆቻቸውን የሚያስወጡ ወላጆች መጡ። ዓለሙ እውነተኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጉዳቱ ዋጋ ሲያስከፍል።

ኧርሱላ ለጉዊን የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ ደግሞ ከሮውሊንግ 29 ዓመት ቀድማ፣ በ1968፣ ስለ ሌላ የአስማት ት/ቤት ጽፋለች። እዚያ ላይ አንድ ትዕቢተኛ ተማሪ ለጓደኛው ጉራውን ሊያሳይ ብሎ የማይጠራ ነገር ከጨለማ ይጠራል። ት/ቤቱን የሚመሩት ሽማግሌ ሮጠው ደርሰው የተከፈተውን ይዘጋሉ፤ ኃይላቸውንም ጨርሰው ይሞታሉ። ልጁ ፊቱ ላይ ጠባሳ ይዞ ለረጅም ጊዜ ይተኛል። ያን ሳነብ ትንፋሼ ነው የቆመው። እዚያ ት/ቤት ውስጥ አዋቂ ሰው አለ፤ ዋጋውን የከፈለው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። የሆግዋርትስ ተማሪዎች 13 ዓመት ሲሆናቸው አጠገባቸው ወዳለች መንደር ሄደው ከረሜላ ለመግዛት ወላጅ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። ሃሪ ስላላስፈረመ ተከለከለ። ለጫካው ፊርማ አልተጠየቀም፤ ለከረሜላ ግን ፊርማ! ልጆቹ የሚበር መኪና ሰርቀው ሲመጡ ደምብልዶር ለቤተሰቦቻቸው ደብዳቤ ጻፉ። ሄርማዮኒ እንደ ድንጋይ ደርቃ ሳምንታት ስትተኛ ግን እናትና አባቷ መጥተው አልጋዋ ሥር ሲቀመጡ አናነብም። ልጁ ሲያጠፋ ወላጅ ይፈለጋል፤ ት/ቤቱ ሲያጠፋ ወላጅ ይረሳል።

እኛስ? ስንት ጊዜ ነው “ወላጅ አምጣ” የተባልነው? ት/ቤቱ አጥፍቶ ወላጅ የጠራበትን ቀን ታስታውሳላችሁ? እኔ አላስታውስም።

ብዕሩና እጁ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። 5ኛው መጽሐፍ ላይ አምብሪጅ የምትባል አስተማሪ ትመጣለች። ሮዝ ትለብሳለች፤ ድምጿ የሕጻን ነው፤ የቢሮዋ ግድግዳ የድመት ሥዕል ባለባቸው ሳህኖች ተሞልቷል። የላካት ሚኒስቴር መ/ቤቱ ነው። ሃሪ እውነቱን ቢናገር ውሸታም ብላ ትቀጣዋለች። ቅጣቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ መጻፍ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ብዕሩ ግን ቀለም የለውም። ቀለሙ የልጁ ደም ነው። የጻፈው ሁሉ በእጁ ጀርባ ላይ እየተሰነጠቀ ይወጣል፤ ይድናል፤ ደግሞ ይሰነጠቃል።

ይሄን የማነብለት ማታ መብራት አልነበረም። እንደ ልማዴ “ዳይሬክተሩ የት ነበሩ?” የሚለውን ጠበቅኩ። ልጁ ግን አልሳቀም።

“እቴቴ፣ ለማን ተናገረ?” አለኝ።

“ለማንም። ሮን ለማክጎናጋል ንገራት ብሎት ነበር። እሱ ግን እምቢ አለ።”

“ልክ ነዋ።”

“ምኑ ነው ልክ?”

“ቢናገር ይብስበታላ።”

የአነጋገሩ ነገር አላማረኝም። ስለ መጽሐፍ የሚያወራ ልጅ ድምጽ አልነበረም። የሞባይሌን ባትሪ ወደሱ ሳዞር ቀኝ እጁን ወደ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሳብ አደረገ። “አምጣ እስቲ” አልኩት። እምቢ አለ። ከዚያ ራሱ አወጣው።

በሌባ ጣቱና በመሃል ጣቱ መካከል፣ በመሃል ጣቱና በቀለበት ጣቱ መካከል፣ ቆዳው ቀልቶና ጠቁሮ ነበር። ከእናንተ መሃል አብዛኛው ምን እንደሆነ ሳልነግራችሁ አውቃችሁታል። እስክሪብቶ ነው። በጣቶች መሃል ይገባና አስተማሪው ጣቶቹን ሰብስቦ ይጨምቃል። የክፍል አለቃው “ረባሽ” ብሎ ስሙን የጻፈበት ልጅ ሁሉ ይሄ ይደርሰዋል። የእህቴ ልጅ ስሙ በተጻፈ ቁጥር ደርሶታል።

ሮውሊንግ ጭንቅላቷን አስጨንቃ ያመጣችው የአስማት ብዕር የኛ ሰፈር ት/ቤት ውስጥ ያለ አስማት አለ!

“ምን አጥፍተህ ነው?”

አሁን የምነግራችሁ የሚያሳፍረኝን ነው። አፌ ላይ የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ “ምን አጥፍተህ ነው?” የሚል ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ልናገረው ስል የአባቴ ድምጽ ተሰማኝ።

የ6ኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ አንድ አስተማሪ ባቴን በጎማ ሰንበር በሰንበር አድርጎኝ ወደ ቤት መጣሁ። ለአባቴ አሳየሁት። አባቴ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ “ምን አጥፍተሽ ነው? አስተማሪ ያለ ምክንያት አይመታም” አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነፍሱን ይማረውና ለኔ የሚሳሳ አባት ነበር። እሱም በልጅነቱ እንደዚያ ነው የተባለው። እኔ ግን ያን ቀን አንድ ትምህርት ተማርኩ፦ ቤት ውስጥ የሚነገርና የማይነገር አለ። ከዚያ በኋላ ከጎማ የከፋ ነገር ሲገጥመኝም ለማንም አልተናገርኩም። ምን እንደነበር እዚህ አልጽፈውም። በወቅቱ ብናገረው ኖሮ የሚቆም ነገር ነበር፤ እሱን ብቻ ልንገራችሁ።

ስለዚህ ጥያቄውን ዋጥኩት። “ያማል?” አልኩት ብቻ።

ልጁ አለቀሰ። ለአንድ ዓመት ተኩል ስለ ዘንዶ ሳወራለት ያላለቀሰ ልጅ በአንዲት “ያማል?” አለቀሰ።

ያኔ ነው መጽሐፉ በደንብ የገባኝ። እኔ ሆግዋርትስን የማይታመን ያልኩት በዘንዶውና በውሻው ነው። ለልጁ ግን ዘንዶው ተረት ነው፤ እውነቱ የልጁ ዝም ማለት ነው። ሃሪ ጎበዝ ጓደኞች አሉት፤ ማክጎናጋልን የመሰለች ቆፍጣና አስተማሪ አለችው። ይሁንና አይናገርም፤ ማክጎናጋል በዚያች ሴትዮ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳላት እርግጠኛ አይደለም። ዝም በማለቱ ደግሞ ምን ሆነ? በኋላ ሌላ ተማሪ በዚያው ብዕር እጁ ደምቶ መጣ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ አጥንት በአንድ ሌሊት በሚያበቅል ዓለም ውስጥ ያ የብዕሩ ጠባሳ ከሃሪ እጅ አልጠፋም። በሚቀጥለውም ዓመት ይታያል። ደራሲዋ ይሄን ታውቃለች ማለት ነው፤ የሚያድንና የማያድን ቁስል አለ።

ለነገሩ እንግሊዞቹም ንጹሕ አይደሉም። በመንግሥት ት/ቤቶቻቸው ልጅ መምታት የተከለከለው በ1987 ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የግል ት/ቤቶች ደግሞ እስከ 1999 አልተከለከለም። የሃሪ ፖተር 1ኛ መጽሐፍ በወጣበት ዓመት እዚያ አገር የግል ት/ቤት ውስጥ አርጩሜ ሕጋዊ ነበር። የኛ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል በአንቀጽ 36 ሕጻናት በት/ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል። ሕጉ ከኔ ዕድሜ ይበልጣል። ጎማው ግን ባቴን ሲያገኘኝ ሕጉን አላነበበም ነበር።

ቢሮው ውስጥ

ማታውኑ ለእህቴ ነገርኳት። ልጁ መጀመሪያ “ለማሚ እንዳትነግሪ” ብሎኝ ነበር። “አልነግርም” ብዬ ብምል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። “ለእሷ መንገር አለብኝ። ግን አንተ የምትፈራውን ንገረኝና እሱ እንዳይሆን አብረን እንጠብቃለን” አልኩት። የፈራው ሁለት ነገር ነበር፦ እናቱ ክፍል ድረስ ገብታ እንዳትጮህና የክፍል አለቃው እንዳይጣላው። አለቃው ጓደኛው ነዋ!

እህቴ ስትሰማ ነጠላዋን አንስታ በሌሊት ልትሄድ ነበር። እንደምንም አስቀመጥናት። ጠዋት ሁለታችንም ሥራ አስፈቅደን ሄድን። ክፍል አልገባንም፤ ምክትል ዳይሬክተሩ ቢሮ ነው የገባነው። የእጁን ፎቶ አሳየናቸው። “ወላጆች ራሳቸው ቅጡልን ይሉናል እኮ” አሉ። ውሸት አይደለም፤ የሚል አለ። እህቴም “እኔ አላልኩም” አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ኮራሁባት።

አስተማሪው ተጠራ። ጭራቅ ጠብቄ ነበር። የገባው ግን ከኔ የሚያንስ፣ ኮቱ የሰፋው፣ ከ60 ተማሪ ጋር ቀኑን ሙሉ የሚታገል ልጅ ነው። “ለቀልድ ያህል ነው፤ እኔም በዚሁ ነው የተማርኩት” አለ። ምን ልበለው? እኔም በዚሁ ነው የተማርኩት! ትናንት ማታ አፌ ላይ የመጣውን አስታወስኩ። “እኛም በዚሁ ተምረን ነው ዛሬ ለልጁ ምን እንደምንለው የጠፋን” አልኩት። አቀረቀረ።

እንደ ፊልም ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። እስክሪብቶው ቆሟል። ልጁ ግን ለሁለት ሳምንት “እጄን ሳወጣ አይጠራኝም” ሲለኝ ነበር። እንደገና ሄደን ተነጋገርን። ያስገረመኝ ግን ከኛ በኋላ የሌሎች ሦስት ልጆች ወላጆች ሄደዋል። ልጆቻቸው ለካ እነሱም ጣታቸውን ሲደብቁ ነበር። እያንዳንዱ “እኔ ብቻ ነኝ” ብሎ ነው ዝም ያለው።

ምክር ቢጤ

ይሄ አምድ ያለ ምክር አይዘጋም፤ ስለዚህ ለሁለት ዓይነት ሰዎች አንዳንድ ነገር ልበል።

መጀመሪያ ልብ ወለድ ለምትሞክሩ። ብዙዎቻችሁ በሞባይላችሁ ላይ የአስማት ት/ቤት እየጻፋችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። አደጋውን አታውጡት፤ ያለ አደጋ ማንም አያነብላችሁም። ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። አዋቂዎቹ በዚያች ሰዓት የት ነበሩ? “ስብሰባ ላይ” የሚል መልስ አንዴ ያስቃል፤ ሁለተኛ አያሳምንም። ጉዳቱ ማንን ምን አስከፈለው? ምንም ካላስከፈለ አንባቢ በሚቀጥለው አይደነግጥላችሁም። ልጁ ካልተናገረ ለምን አልተናገረም? የዚህ መልስ ካላችሁ ዘንዶው ካርቶን ቢሆን እንኳ አንባቢ ያምናችኋል።

ሁለተኛ ለእናንተ ለአክስቶች፣ ለአጎቶች፣ ለታላላቆች። ወላጅ ሥራ ላይ ነው፤ ልጁን ማታ የምታገኙት እናንተ ናችሁ። “ዛሬ ት/ቤት እንዴት ነበር?” ብትሉት “ጥሩ” ይላችኋል፤ በቃ። የታሪክ ልጅ ሲጎዳ ግን “እሱ ለማን ቢናገር ይሻላል?” ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልስላችሁ ስለራሱ ነው። ሲነግራችሁ “ምን አጥፍተህ ነው?” አትበሉ። ለማንም አልናገርም ብላችሁ አትማሉ። የሚፈራውን ስሙ። ቁስሉን ፎቶ አንሱ፤ ቀኑን ጻፉ፤ ቢሮ ስትገቡ ድምጻችሁን ዝቅ አድርጉ። ነገሩ ከእስክሪብቶ የከፋ ከሆነ፣ በተለይ የልጁን ገላ የሚመለከት ከሆነ፣ ከዳይሬክተር ጋር አትደራደሩ፤ ወደ ጤና ተቋምና ወደ ፖሊስ ሂዱ። ፖሊስ ውስጥ የሴቶችና የሕጻናትን ጉዳይ የሚይዝ ክፍል አለ።

አንድ ደግሞ ልጨምር። በ2ኛው መጽሐፍ ጂኒ የምትባል የ11 ዓመት ልጅ አንድ ደብተር ታገኛለች። ስትጽፍበት ይመልስላታል። ያጽናናታል፤ ምስጢሯን ይሰማታል፤ በመጨረሻ ሊገድላት ይደርሳል። ከደብተሩ ውስጥ የነበረው የ16 ዓመት ልጅ ነው፤ ጓደኛ መስሎ ነው የገባው። የኛ ልጆች ደብተር አያስፈልጋቸውም፤ የሚመልስላቸው ሞባይል እጃቸው ላይ ነው። “ከማን ጋር ነው የምታወሪው?” ማለት ስለላ አይደለም።

እኛ አሁንም 5ኛው መጽሐፍ ላይ ነን። ባለፈው ማታ ልጁ አቋርጦኝ “እቴቴ፣ ሃሪ ለማክጎናጋል ነግሯት ቢሆን ኖሮስ?” አለኝ።

“ይሄ መጽሐፍ ከ700 ገጽ በላይ ነው። 300 ገጽ ያጥር ነበር” አልኩት።

ትንሽ አሰበና “ታዲያ ቢያጥር ምን አለበት?” አለኝ።

ምን አለበት? ምንም። ሳምንት በሰላም ያገናኘን።